ወንፈል አይደለም

ከ20 ዓመት በላይ ቅዳሴ ቆሜያለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ግን አንድም ቀን ቆርቤ አላውቅም ነበር። ድርገት ሲወርድ፣ ማለትም ቅዱስ ቁርባኑ ለሕዝቡ ሲቀርብ፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ይሄዳሉ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። መካከል ላይ ያለነው ጎልማሶች አንገታችንን ደፍተን እንቀራለን። "ለምን አትቆርብም?" የሚለኝ ሰው ቢመጣ መልሴ ዝግጁ ነበር። "ገና አልበቃሁም።" ትሕትና ይመስላል፣ አይደል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቆመው ለቀሩ ነው። ሰባኪ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ውስጥ እህልና ሸቀጣ ሸቀጥ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። የምነግራችሁም ከነፍስ አባቴ የሰማሁትንና በራሴ የደረሰውን ነው። ነገሩ ስለ ጸጋ ነው። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሀብታሙን "ባለጸጋ" እንላለን። ልጃችንን "ጸጋዬ" ብለን እንጠራለን። እኔ ቃሉን እየተናገርኩ፣ ነገሩን ግን ሳላውቀው ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ከሚዛኑ ልጀምር። ሱቁን በከፈትኩ በ3ኛው ዓመት ሚዛኔ ተዛባ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ጠቋሚው 50 ግራም ላይ ይቆማል። እኔ አላበላሸሁትም። አንድ ጠዋት ሳስተውለው ግን እጄን ወደ ማስተካከያው ልኬ መለስኩት። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ያ ነገ 6 ዓመት ፈጀ። ስኳር በኪሎ፣ ምስር በኪሎ፣ ሽሮ በኪሎ። በየኪሎው 50 ግራም። 20 ሰው አንዳንድ ኪሎ ሲገዛ 1 ኪሎ ለእኔ ይቀራል። ይህን ሂሳብ ለማንም አልነገርኩም። ለራሴም ጮክ ብዬ አልነገርኩም።

ልብ ግን ያውቃል። ስለዚህ መካስ ጀመርኩ። በየዓመቱ ለንግሥ ጃንጥላ አስገባለሁ። ጧፍና ዕጣን በየወሩ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ፤ ሲጠናቀቅም ስንቱን ቀን እስከ 9 ሰዓት እንደቆየሁ አስታውሳለሁ። ጃንጥላው ከእጄ በወጣ ቁጥር ቀለል ይለኛል። ዱቤውን የከፈለ ሰው ስም ላይ መስመር እንደማሰምረው፣ በእኔም ስም ላይ መስመር የተሰመረ ይመስለኛል። ስለት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሐና ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች። የእኔ ጃንጥላ ግን ስለት አልነበረም። ጉቦ ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ሳስበው ወደ መንዝ ይመልሰኛል። ያደግኩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ገብስና በግ ያለበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር። እዚያ ሰው ብቻውን አይኖርም። ዛሬ የአንተን ማሳ አጭዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ አንተ የእኔን ታጭዳለህ። ወንፈል ነው። አባቴ የወንፈል ቀን ከሆነ ትኩሳት ይዞት እንኳ ይሄዳል። "የወንፈል ዕዳ ያለበት ሰው ቀና ብሎ አይሄድም" ይል ነበር። እውነቱን ነው። ወንፈል ባይኖር ያ ሁሉ ገብስ ማሳ ላይ ይቀር ነበር።

አንድ ዓመት ግን አባቴ ታመመ። ሰኔ ላይ ወድቆ እስከ ታኅሣሥ አልተነሣም። የማንንም ወንፈል ስላልሄደ የእኛን የሚያጭድ ባለዕዳ አልነበረም። እኔ 9 ዓመቴ ነው። ገብሱ ደርሶ ቆሟል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። በደረሰ ገብስ ላይ ዝናብ ቢወርድ ምን እንደሚሆን የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። ከእነ እገሌ የሚመለስልን አለ? የለም። ከእነ እገሌስ? የለም።

አንድ ማለዳ ውርጩ ሳይነሣ የሰው ድምፅ ሰማን። ስንወጣ 14 ሰዎች ማሳው ላይ ናቸው። ማጭዳቸውን ይዘዋል። በሶአቸውን ሳይቀር ቋጥረው መጥተዋል፤ ቤታችን ምንም እንደሌለ ያውቃሉ። እናቴ ማሳው ዳር ቆማ አለቀሰች። ደስታ ብቻ አልነበረም፣ እፍረትም ነበረበት። "በምን እመልሰዋለሁ? ሰውዬው አልጋ ላይ ነው፣ ልጁ ገና ነው" እያለች ትዞራለች። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት ቀና አሉና፣ "አንቺ ልጅ፣ ማን ጠየቀሽ? ይሄ ወንፈል አይደለም። ይልቅ ነዶውን አቀብይን" አሏት።

ያን ቀን ማሳው ታጭዶ ተከመረ። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ነገሩን መዋጥ አልቻለችም። በየበዓሉ ለ14ቱም ቤት ጠላ ትልካለች። እንቁላል ትልካለች። "ተይ እንጂ" ሲሏት ትቀየማለች። ገብሱን በላነው፣ ስጦታውን ግን ሳንቀበለው ቀረን። እኔ በዚህ እናቴን ነው የወጣሁት።

የሚገርመው ቋንቋችን ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። መልካም ሲደረግልን "እግዜር ይስጥልኝ" እንላለን። እኔ መመለስ አልችልም፣ በእኔ ፋንታ እሱ ይስጥህ ማለት ነው። አፋችን እንዲህ ይልና በማግስቱ እንቁላል እንልካለን።

ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። ጎረቤቴ ወንድ ልጅ ወለደና የክርስትና አባት ሁንልኝ አለኝ። በ40ኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ቆምኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የከተማችንን የታኅሣሥ ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ምዕራብ ዞሬ በሕፃኑ ፋንታ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ በሕፃኑ ፋንታ አመንኩ። ሕፃኑ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም። ተኝቷል። ውኃው ሲነካው ብቻ ጣራው እስኪነቀል ጮኸ። ከዚያ ሜሮን ተቀባ፣ ማተቡ ታሰረለት፣ ቆረበ።

በኋላ ቤት ገብተን ቁርስ ላይ ስንጫወት ቄሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ። የነፍስ አባቴም እሳቸው ናቸው። "ዛሬ ይህ ልጅ የጸጋ ልጅነት አገኘ" አሉ። "እስቲ አንተ ንገረን፣ ስንት ቀን ጾሞ ነው?" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። "ስንት ጃንጥላ አስገብቶ ነው?" ሲሉ ግን ሳቄ ቆመ። ስለ ሚዛኑ አያውቁም። ስለ ጃንጥላው ግን ደብሩ በሙሉ ያውቃል። እንዲያውቅ አድርጌ ነበራ የማስገባው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔንም ለካ በ40 ቀኔ እንዲሁ ተሸክመው ወስደውኛል። ምንም ሳልሠራ። ሌላ ሰው አምኖልኝ። ልጅ ያደረገኝ ያ ቀን ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የምገዛው ምኑን ነው?

በሳምንቱ ሄጄ ተናዘዝኩ። ለመናገር 6 ዓመት ፈርቼ፣ ስናገረው 2 ደቂቃ አልፈጀም። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ጃንጥላውስ?" አሉ።

"እሱማ ስለ ሚዛኑ ብዬ ነው፣ አባ።"

"ልጄ፣ ጃንጥላ ጥሩ ነው። ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል። ሚዛን ግን አያስተካክልም።"

ከዚያ ስለ ዘኬዎስ አነሡ። ሉቃስ 19 ላይ ነው። ቀራጭ ነበር፣ አጭር ሰው፣ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣ። "ጌታ ከዛፉ ሥር ቆሞ ምን አለው? የበላኸውን መጀመሪያ መልስ፣ ከዚያ ቤትህ እገባለሁ አለው?"

"አላለውም።"

"ፈጥነህ ውረድ፣ ዛሬ ቤትህ እውላለሁ ነው ያለው። መጀመሪያ ገባ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ገልብጠህ ይዘኸዋል። እከፍልና ይገባልኛል ትላለህ። እሱ ግን ይገባና ነው የሚያስከፍልህ።"

ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ይህን ቅደም ተከተል ይያዝልኝ። ዘኬዎስ መልሷል፤ መመለሱ አልቀረም። ግን የመለሰው እንግዳው እንዲገባለት አይደለም። እንግዳው ስለ ገባ ነው።

"አሁን የሰረቅከውን ለማን ትመልሳለህ? ስማቸውን ጽፈሃል?" አሉኝ።

"አልጻፍኩም። በእጅ በእጅ የገዙ ናቸው።"

"እንግዲያው ሚዛኑን ዛሬውኑ አስተካክል። ከዚያ ለአንድ ዓመት ለሚመጣው ሁሉ መርቅ።"

ምራቂ ምን እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። "መርቅልኝ እንጂ" ትላለች ገዢዋ። ከተለካው በላይ ጭብጥ አድርግልኝ ማለቷ ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቀንም ቃሉ ያው ነው። ስንት ዓመት ባለሱቅ ሆኜ ይህን አስተውዬው አላውቅም ነበር። ምራቂ ዋጋ የለውም። ሚዛኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ልትጠይቀው ትችላለህ፤ ይገባኛል ብለህ ግን አትከራከርም።

ለንስሐዬ ቀኖና ስግደትም ሰጡኝ። ቁጥሩ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር። ልወጣ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። "አባ፣ ይህን ስጨርስ ዕዳዬ ተከፈለ ማለት ነው?"

"ዕዳህ የተከፈለው ቀራንዮ ላይ ነው። ቀኖናው መድኃኒትህ ነው። ሐኪም ያዘዘልህን ኪኒን ስለዋጥክ ደመወዝ ትጠይቃለህ?"

እንዲህ ያለ መልስ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችን ከንስሐ የምንሸሸው ቀኖናን እንደ ቅጣት፣ ወይ እንደ ዋጋ ስለምናየው ነው። ቅጣት ሲመስለን እንፈራዋለን። ዋጋ ሲመስለን ደግሞ ጨርሰን ደረታችንን እንነፋለን። ሁለቱም መድኃኒቱን ያበላሹታል።

የእህቴ ልጅ ፕሮቴስታንት ናት። በዓል ላይ ስንገናኝ ሁሌም እንከራከራለን። እሷ ኤፌሶን 2 ትጠቅስልኛለች። "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።" እኔ ወዲያው ያዕቆብን እመዛለሁ። "ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው።" ዶሮ ወጡ እስኪቀርብ እንዲህ ስንወራወር እንቆያለን። ከንስሐው በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ኤፌሶንን ራሴ አነበብኩት። እሷ የምታቆመው ቁጥር 9 ላይ ነው። ቁጥር 10 ላይ፣ እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ስኖር የነበረው ከቁጥር 10 ጀምሬ ነው፤ 8 እና 9ን ዘልዬ። ይህን ስነግራት "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካህ?" አለችኝ። አሁንም በብዙ ነገር አንስማማም። ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን፣ ጥምቀቱን፣ ቁርባኑን እኛ ጸጋው የሚታደልባቸው አድርገን ነው የምንይዛቸው፤ እሷ እንዲያ አትይዛቸውም። ቢያንስ ግን ጥቅስ መወራወር ትተናል።

ጳውሎስ ደመወዝን ከጸጋ የሚለይበት ቦታም አለ። ሮሜ 4 ላይ፣ ለሚሠራ ሰው ደመወዝ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም ይላል። ለባለሱቅ ይህ ግልጽ ነው። ለጫኝና አውራጅ የምከፍለው ዕዳዬን ነው፤ አልቸርኩትም። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ "የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፥ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን" ብሎ የዘላለም ሕይወትን ይጠራል። ሞቱን ደመወዝ አለው። ሕይወቱን ግን ደመወዝ አላለውም። "እንግዲያ ጸጋው እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር?" የሚል ብልጣብልጥ እንደሚመጣም ያውቃል፤ እዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አይደለም ብሎ ይዘጋበታል። እኔም በንስሐዬ ማግስት ሚዛኑን መልሼ ባዛባው ኖሮ ምን እንደምባል ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ለሸዋ ሰው አንድ ማስታወሻ። "ጸጋ" የሚለው ቃል በእኛ አገር ሌላ ታሪክም አለው። ድሮ "የጸጋ ልጅ" ወይም "ሦስት ልደት" የሚባል ወገን ነበረ፤ ሸዋ ላይ ብርቱ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ክርክሩ በተዋሕዶ ተዘጋ። ያ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅባት የነበረ ሙግት ነው። እዚህ የማወራው ሕፃኑ በጥምቀት ስለሚያገኘው ልጅነት ነው። አንድ ጊዜ ጠበል ቤት ሁለቱን ደባልቄ ሳወራ አንድ መሪጌታ ጆሮዬን ሊቆነጥጡኝ ምንም አልቀራቸው።

አባን የተከራከርኳቸው በአንድ ነገር ነው። "አባ፣ ሁሉ በጸጋ ከሆነ ተክልዬ እግራቸው እስኪሰበር ለምን ቆሙ?" አልኳቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የእኛው የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ኢቲሳ ነው የተወለዱት። አባ ፈገግ አሉ። "የአባታቸው ስም ማን ነበር?"

"ጸጋ ዘአብ።"

"ትርጉሙስ?"

"የአብ ጸጋ።"

"ከጸጋ ነው የተወለዱት። ለመወለድ አልቆሙም፤ ተወልደው ነው የቆሙት። ልጅ አባቱ ቤት የሚሠራው ልጅ ለመባል ነው?" አሉኝ። በስም የተጫወቱብኝ መሰለኝ። ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ምራቂው የዓመት ይሁን እንጂ ለቁርባን ዓመት ጠብቅ አላሉኝም። ስግደቱን ስጨርስ "ባለቤትህን አማክራት" አሉኝ። እኛ በሰማንያ ነው የተጋባነው፤ ስለዚህ ብንቆርብ አብረን ነው። ማታ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ "እኔ እኮ 12 ዓመት ነው አንተን የምጠብቀው" አለች። "ለምን አልነገርሽኝም?" "አልበቃሁም ትላለህ ብዬ።"

ለማታውቁት፣ ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ይጾማል። ሌላውን ዝግጅት ንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው አንዲት ቅጽበት አለች። ካህኑ "ቅድሳት ለቅዱሳን" ይላል። የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው ማለት ነው። ያን ዕለት ይህን ስሰማ ጉልበቴ ራደ። ቅዱስ አይደለሁማ! ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ያኔ ሕዝቡ፣ እኔም ራሴ በለመደ አፌ፣ መለስን። "አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ።" 20 ዓመት ስመልሰው ኖሬ ያኔ ገባኝ። ቅዱሳን ይምጡ ሲባል ማናችንም "እኔ አለሁ" አንልም። ቅዱሱ እሱ ነው ብለን እንመሰክርና እንሄዳለን። ባለቤቴ ነጠላዬን ከኋላ ጎተት አደረገችኝ። ሄድን።

ከዚያ በኋላ መልአክ ሆኜ አልኖርኩም። በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ጫኝ ጋር በ30 ብር ተጣልቼ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ቀጥሎ በመጣው እሑድ እንደ ድሮው አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። አባ ሲያዩኝ ገባቸው። "መድኃኒቱ አለቀብህ እንጂ ሐኪሙ ሞተ እንዴ?" አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱ መውደቅ ሲደርስባችሁ ብዙ ቀን አትቆዩበት። በቆያችሁ ቁጥር ያችው የድሮዋ "አልበቃሁም" ትሕትና መስላ ትመለሳለች። ጫኙንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና ማኪያቶ አስከፈለኝ።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ግን ከዱቤ ደብተሬ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እትዬ አለች። ጤፍ በዱቤ ስትወስድ ዕዳዋ 4,380 ብር ደረሰ። ጤፍ ሲወደድ መክፈል አቃታት። በየሳምንቱ እየመጣች "ትንሽ ታገሠኝ ልጄ" ትለኛለች። ከቁርባኑ በኋላ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ ፊቷ ሰረዝኩት። "ተይው እትዬ፣ አልፈልግም" አልኳት። አለቀሰች። መረቀችኝ። ያን ቀን ደስታዬ ሌላ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከማዶ ካለው ሱቅ ጤፍ ተሸክማ ስትወጣ አየኋት። ወደ እኔ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ሆዴ ተቃጠለ። አራት ሺህ ብሬን ትቼላት ገንዘቧን ለማዶው ታስገባለች! ማታ ቤት ገብቼ "ውለታ ቢስ!" እያልኩ ለባለቤቴ አወራሁላት። እሷ ቡና እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝ። የእናቴንና የ14ቱን ሰዎች ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ስኒውን ስታቀብለኝ፣

"ለካ ወንፈል ነበር?" አለችኝ።

ምን እላለሁ? ጸጋ ሰጠሁ ብዬ ደንበኛ ገዝቼ ኖሯል። ማቴዎስ 18 ላይ 10,000 መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይይዛል። ያን ባሪያ ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ጅል ነው እያልኩ። ጅሉ ተገኘ።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። ምጣዱ ላይ ነበረች፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ስታየኝ ደነገጠች። ገንዘቡን ልጠይቃት የመጣሁ መሰላት መሰለኝ። "እትዬ፣ ምነው ጠፋሽብኝ?" አልኳት።

"በምን ዓይኔ ልይህ ልጄ?" አለች። "ያን ያህል ገንዘብ ትተህልኝ እንደገና ደጅህ ልቁም? ትንሽ እንደ ሰው ልሁን፣ የምሰጥህ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።"

ዝም አልኩ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። 20 ዓመት ሙሉ ድርገት ሲወርድ የምለው እኔ ነበርኩ። እናቴም ማሳው ዳር ቆማ ያለችው ይህንኑ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ጠየቀሽ?" አልኳት እንደ አዛውንቱ ልሁን ብዬ፤ ድምፄ ግን አልታዘዝ አለኝ። "ይልቅ ትኩስ ካለሽ አንድ እንጀራ አውጪልኝ።" በአዋዜ ሰጠችኝ። ልከፍል ስል ዓይኗ ፈጠጠ፤ እኔም ብሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። መቀበል ለካ ይከብዳል።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች። 10 ኪሎ ጤፍ ጠይቃ ብሯን በእጇ ቆጥራ ሰጠችኝ። መዘንኩላት። ጠቋሚው ልክ 10 ላይ ቆመ። አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፌስታሉንም አላነሣችም።

"መርቅልኝ እንጂ!"